በቃል የያዝነው ገጽ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጢጥ አለች። ትርንጎ ናት፣ ከብልባላ። እንዴት አደርሽ የለ፣ ሰላም ነሽ የለ። የላከችልኝ አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «አፕሪሲቲ»።

እኔ በዚያች ሰዓት ከደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለኅዳር ፀሐይ ሰጥቼ ቆሎ እቆረጥም ነበር። አፕሪሲቲ ማለት በብርድ ወራት ፀሐይ የምትሰጠው ሙቀት ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ረስተዋታል። እኛ ላስታዎች ግን ስሟን ሳናውቅ ስንሞቃት የኖርን ነን። እሷም በዚያች ሰዓት ከሱቋ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች እንደሆነ ገባኝ። «ጄንታኩላር» ብዬ መለስኩላት። ቁርስ ነክ ማለት ነው። ቆሎዬን መንገሬ ነበር።

እንዲህ ስንባባል ዓመታት አልፈዋል። ሰው ቢሰማን ያበድን ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ ግን ይህ እብደት አንድ ቀን ከወልድያ ሱቅ አድኖኛል። ያቺን ቅዳሜ ልንገራችሁ።

ትርንጎና እኔ ላሊበላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ሁለተኛ ደረጃ የተማርን የብልባላ ልጆች ነን። የእንግሊዝኛ መምህራችን ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ሽፋኑን አይጥ የበላው ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበረው። እኔና እሷ ለምነን ለምነን አሰለቸነው። «በሉ ተካፈሉት» ብሎ ጥሎልን ሄደ።

እኛም ተካፈልነው። በምላጭ። ከጀርባው ላይ ሰንጥቀን፣ ከኤ እስከ ኤል ለእኔ፣ ከኤም እስከ ዜድ ለትርንጎ። መምህሩ እንዲያ ማለቱ እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን በግ እንኳ ሲታረድ እንዲህ በትክክል አይከፈልም ብለን ኮራን።

ለመደበኛው ቃል ግድ አልነበረንም። «ወንበር»ንና «ጠረጴዛ»ን ማንም ያውቃል። እኛ የምናድነው ሰው የማያውቀውን ነበር። የጾመ ሰው ሆድ የሚያሰማው ጩኸት «ቦርቦሪግመስ» ይባላል ብሎ የሚነግረኝን መጽሐፍ ትቼ ስለ ወንበር ላነብ ነው?

ችግሩ ያነበብነው አልቀመጥ ማለቱ ነበር። ዛሬ የያዝነው ነገ ይበናል። አንድ የመኸር ሰሞን ብልባላ ሄደን፣ ከነትርንጎ ውድማ ዳር ገለባው ላይ ተጋድመን ስናነበንብ፣ አያቷ የኔታ ደረሱብን። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የወፍ ነው።

«ምንድን ነው የምታጉረመርሙት?» አሉ፣ መቋሚያቸውን ተክለው።

«እንግሊዝኛ ነው የኔታ። ቃሉን ከነፍቺው» አለች ትርንጎ።

«ግሱን ነው በይኛ!»

«አዎ፣ እንደሱ ነው።»

«ታዲያ ግስ ተኝቶ ይወርዳል? ተነሱ!»

ተነሳን። የቅኔ ተማሪ የግእዙን ቃል ከነትርጉሙ በዜማ እያለ፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ነው በቃሉ የሚይዘው። እኛንም እንደዚያው አመላለሱን። የእንግሊዝኛውን ቃል ከፍ፣ ፍቺውን ዝቅ፣ እግራችን ገለባውን እያንኮሻኮሸ። የኔታ አንዲት የእንግሊዝ ፊደል አያውቁም፤ ስንሳሳት ግን ከዜማው ስብራት ያውቁብን ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ሙሉ ገጽ ይዘን ተገኘን።

ሁለት ሕግ ሰጡን። አንደኛው «ባለቤቱን አምጡ» የሚል ነው። ቃሉ የሚጠራውን ነገር እዚሁ ላስታ ውስጥ በዓይናችን አይተን ካልመጣን ቃሉ አይቆጠርልንም። ለ«ግሮክ» የጎረቤታቸውን ውሻ አመጣሁ፤ ሰው ሲበላ ዝም ብሎ አፍ አፍ ማየት ማለት ነው። ለቦርቦሪግመስ በጾሙ ቅዳሴ መካከል የጮኸውን የአንድ ዲያቆን ሆድ ጠቀስኩ፤ የኔታ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሰውን በመስኮት መወርወር የሚባለውን ቃል ግን ከለከሉኝ። «መስኮቱ ከራስ ቅል በማይሰፋበት አገር ምን ያደርግልሻል? ተይው» አሉ።

ሁለተኛው ሕጋቸው ደግሞ «በቃል የተያዘ ወረቀት አይሻም» የሚል ነበር። ይቺን ያዙልኝ፣ ጣጣው ከሷ ነው የመጣው።

ትምህርቱን ጨረስን፤ የመጨረሻው ፈተና ግን ሁለታችንንም ጣለን። ፈተናው ስለ ዲያቆን ሆድ አልጠየቀማ። ትርንጎ ብልባላ ተመልሳ እናቷን ማገዝ ያዘች። እኔን ደግሞ አባቴ «ከገና በኋላ ወልድያ ትወርጃለሽ፤ አክስትሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ» አለኝ። ትቀመጫለሽ! እኔ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቆሞ ማስቀደስ ባይኖር የማልችል ሰው ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ከሳሙናና ከብስኩት ኋላ ተቀምጬ ሲታየኝ ነፍሴ ሽቅብ ወጣች።

መውጫ ቀዳዳዬ አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ደሳለው የሚባል አንጋፋ አስጎብኚ ለገና ሰሞን የሚያግዘው አንድ ወጣት ይፈልግ ነበር። ሄጄ እንግሊዝኛ እችላለሁ አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ነአኩቶ ለአብ እሄዳለሁ። ነይና ልይሽ» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ፦ የማታውቂውን አላውቅም በይ። እንግዳ ፊት የሚፈጥር ሰው አልወድም።»

እንግዶቹ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሽማግሌ፣ አርባ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ እንግሊዛዊ። እሷ ደግሞ ያየችውን ሁሉ እየነካች «ይሄ ምንድን ነው?» የምትል ሳቂታ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ገብስ ተከምሯል፣ አየሩ ገለባ ገለባ ይሸታል። እኔ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ከመኪናው ኋላ ወንበር ላይ ቃሎቼን በልቤ አመላልሳለሁ።

ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውስጥ ያለ ገዳም ነው። ከዋሻው ጣራ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ከዕድሜ ብዛት የጎደጎዱ የድንጋይ ገበቴዎች ይቀበሉታል፣ ጸበልም ነው። ሴትዮዋ መዳፏን ዘርግታ አንዷን ጠብታ ተቀበለችና ዞራ አየችኝ። የዚህችን ጠብታ ስም ከነባለቤቷ ያመጣችው ትርንጎ ነበረች፤ እናቷ ለጸበል ይዛት የመጣች ጊዜ እዚሁ ቆማ ነው ያገኘቻት።

«ስቲሊሳይድ» አልኩ በኩራት። «ከጣራ ሳያቋርጥ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ።»

ባለ ባርኔጣው ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ቃል የለም አለኝ፣ በትሕትና። አለ አልኩ። አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የለም አለ። እኔም በእንግሊዝኛዬ «አርባ ዓመት ስላላገኘኸው የለም ማለት አይደለም» አልኩት። አፌ እንዲህ ነው፣ እኔን አይጠይቀኝም።

ጋሽ ደሳለው በአማርኛ «ምን እያልሽ ነው?» አለኝ፣ ጥርሱን ሳይከፍት።

ጸበሉን የሚያድሉት ቄስም ጠጋ አሉ። «ልጅቱ ምን ትላለች?»

«የጠብታውን ስም ነው የነገርኳቸው አባ።»

«ስሙማ ጸበል ነው» አሉ ቄሱ፣ ነገሩን በመዝጋት።

ጋሽ ደሳለው ወደ ዳር ወሰደኝ። «ይቅርታ ጠይቂና ዝም በይ።»

«አልዋሸሁም እኮ ጋሼ! መጽሐፉ ላይ አለ።»

«መጽሐፉ የታለ?»

«ትርንጎ ጋ። ዛሬ ገበያ ይዛው ትመጣለች።»

ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው እንግዶቹ ምሳ በልተው እስኪነሱ ጊዜ አለሽ። ወይ ወረቀቱን ወይ ይቅርታሽን ይዘሽ ነይ። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን የወልድያ መኪና መናኸሪያ የት እንዳለ ታውቂዋለሽ።»

ላሊበላ እንደደረስን መኪናው በቅጡ ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ። የቅዳሜ ገበያ እንደሚሆነው ነበር፦ ጤፉ፣ ገብሱ፣ ማሩ፣ የበግ ጩኸቱ። ትርንጎና እናቷ እትዬ ጥሩዬ ሁልጊዜ ከሚዘረጉበት ጥግ ላይ በርበሬያቸውንና ቅመማቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ አህያቸው ከኋላቸው ቆማለች።

«አንች፣ ምነው እንደ ሰንጋ ፈረስ አረፋ ደፈቅሽ?» አለች ትርንጎ።

«ኤስን አምጪ! ስቲሊሳይድ ያለበትን ገጽ! ባርኔጣው የለም አለኝ!»

ትርንጎ ቀስ ብላ እናቷን አየች። እትዬ ጥሩዬ ቀስ ብለው ሰማዩን አዩ።

«ምን?» አልኩ። «ምንድን ነው?»

«ገጹ… ተሸጧል» አለች ትርንጎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ጥሩዬ ቅመም የሚጠቀልሉበት ወረቀት ባለቀባቸው ቁጥር ትርንጎን ይጠይቋታል። እሷም በቃሏ የያዘችውን ገጽ ቀድዳ ትሰጣለች። በቃል የተያዘ ወረቀት አይሻማ! ዜድ ቀረፋ ሆኖ ሄዷል። ደብሊው ኮረሪማ ሆኗል። የዛሬው ተራ የኤስ ነበር።

«እትዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«በእኔ ላይ አትጩሂ ልጄ! የኔታ ያሉትን ነው ያደረግኩት። እኔ ያወቃችሁትን እንጂ ያላወቃችሁትን አልነካሁ!»

«እሺ ለማን ሸጡት? ያስታውሱ እስቲ።»

እትዬ ጥሩዬ ደንበኛን በመልክ አያስታውሱም፣ በገዛው ቅመም እንጂ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። «በርበሬ ለባለ ጠላዋ፣ እሱ በሌላ ወረቀት ነው። ድንብላል ለቄሱ ሚስት። ጥቁር አዝሙድ ሁለት ስኒ… ዘውዴ! የሆቴሉ ወጥ ሠሪ! በመጽሐፉ ወረቀት የጠቀለልኩላት ለሷ ነው።»

ዘውዴ የምትሠራበት ሆቴል እንግዶቹ ምሳ የሚበሉበት ነበር። ወረቀቱ ከባርኔጣው ሠላሳ እርምጃ ርቆ ተቀምጦልኛል፣ እኔ ገበያ ለገበያ እሮጣለሁ። የትርንጎን ክንድ ይዤ ጎተትኳት።

«አህያዋንስ ማን ሊጠብቃት ነው?» ሲሉ ከኋላችን ሰማን።

በጓሮ በር ወጥ ቤት ገባን። ዘውዴ የጾም ሽሮዋን እያማሰለች ነው። «የምን ወረቀት? ምን ሆናችኋል እናንተ?» አዝሙዱን ወደ ጠርሙስ ገልብጣዋለች። ወረቀቱ ምድጃው ጥግ፣ የእንጨት ክምር ላይ ተጨማዶ ተገኘ። ብድግ አድርጌ ፈታሁት። ከታች በኩል መዳፍ የሚያህል ተቀድዷል።

«ይህቺስ የታለች?»

«እሷንማ እሳት አቀጣጠልኩባት። ክብሪት ላባክን ኖሯል?»

ቃሌን ገጹ ላይ ፈለግኳት። «ስቲል» የምትለው አለች። ከዚያ ቀዳዳው። ከቀዳዳው ማዶ በሌላው ዓምድ ራስ ላይ «ስቲልት» ትጀምራለች። የኔዋ ቃል ሽሮ አብስላለች።

እዚያው ጉቶ ላይ ዘጭ አልኩ። ተቀመጥኩ! ወልድያ ከአሁኑ ጀመረኝ። ዘውዴ እንኳ አዘነችልኝና ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ትርንጎ በላዬ ቆማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። «ተነሽ። ገጹ እኔ ጋ አለ።»

«አይተሽዋል እኮ፣ ተቃጥሏል…»

«የተቃጠለው ወረቀቱ ነው! ተነሽ በይ!»

እንግዶቹ ሰገነት ላይ ምሳቸውን ጨርሰው ሻይ ይዘዋል። ጋሽ ደሳለው እኛን ሲያይ፣ አንዷ በላብ ሌላዋ በበርበሬ ተጠምቃ፣ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ወረቀቱን ለባርኔጣው ሰጠሁት። ወደ አፍንጫው ጠጋ አድርጎ አሸተተው፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቀዳዳውን አየና እኔን አየኝ።

ትርንጎ ማንንም ሳታስፈቅድ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከገጹ ራስ ላይ ጀመረች፣ እንደ ውድማው፣ እየተመላለሰች። ቃሉን ከፍ፣ ፍቺውን ዝቅ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛው በዚያ በየኔታ ዜማ። ሻይ የያዙት ሌሎች እንግዶች ዞሩ። የሽማግሌው ጣት ገጹ ላይ ወረደች፤ ትርንጎ ባለች ቁጥር አንድ ቃል ትወርዳለች። አንዲት አልሳተችም። ቀጭኑን ጩቤ ስቲሌቶን አለች፤ ጣቱ እላዩ ላይ ነበረች። ጸጥ ያለውን ስቲልን አለች፤ ጣቱ ቀዳዳው አፋፍ ላይ ደርሳ ቆመች።

ትርንጎ አልቆመችም። «ስቲሊሳይድ» አለች፣ ከፍ አድርጋ፤ ሳያቋርጥ የሚወርድ ጠብታ፣ ከጣራ ክፈፍ እንደሚወርድ ያለ። ጣቱ ባዶ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ነበረች። ከዚያ ዓምዱን ተሻግራ ስቲልትን ስትል ጣቱ ከወረቀቱ ማዶ ተቀበለቻት፤ አብረው ቀጠሉ፣ ስስታም እስከሚባለው እስከ ስቲንጂ ድረስ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ገለበጠና ከጀርባው መካከል አንድ ቃል ጠራ። ትርንጎ ከዚያው አንስታ ወረደች። ሌላ ጠራ። ወረደች። ሚስቱ ከንፈሯን በሁለት ጣቷ ይዛ ትከታተላለች። በመጨረሻ ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀ። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ አለ፣ ለትርንጎም ለእኔም ጎንበስ ብሎ። ሴትዮዋ አጨበጨበች፤ ከወጥ ቤት በር ዘውዴ እልል አለች፤ ስለምን እንደሆነ ግን የገባት አይመስለኝም።

ጋሽ ደሳለው ግን አልቀለጠም። «መልካም፣ ቃሉ አለ» አለኝ በአማርኛ። «ይሄ ሰው አርባ ዓመት ሳያውቀው የኖረውን ቃል ለነገው እንግዳ ምን ልታደርጊለት ነው?»

«ባለቤቱን አሳየዋለሁ» አልኩ።

«የማንን ባለቤት?»

ሴትዮዋን እጇን ይዤ ወደ ሰገነቱ አጥር ወሰድኳት። ከታች በግንብ ሥር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ገልጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አፕሪሲቲ። ከሻይ ቤቱ ደጅ አንድ ውሻ የሚያኝከውን አፍ ሁሉ ተከትሎ ያያል፤ ግሮክ። ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴትዮዋ ራሷ እየጠቆመች «የዚህስ ስም?» ትለኝ ጀመር። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት። ጋሽ ደሳለው ይህንንም ሰማ። ስንለያይ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት» አለኝ። «በቀን አንድ ቃል ብቻ። ሁለት ካልሽ አባርርሻለሁ።»

ትርንጎንም ጠይቋት ነበር። «እኔ ሰው ማስከተል አይሆንልኝም ጋሼ። ደግሞ እናቴ አህያ ትጠብቃለች» አለችው።

ከመሄዳቸው በፊት ሽማግሌው ያንን ገጽ እንደ ማስታወሻ ሊወስደው ፈቃድ ጠየቀ። እኔ ልከለክለው አፌን ከፈትኩ። ትርንጎ ግን «ይውሰደው፤ እኔ ይዤዋለሁ» አለች። ጥቁር አዝሙድ የሚሸት ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ይኸው ወልድያን እስካሁን በመኪና መስኮት እንጂ በሱቅ መስኮት አላየኋትም። እንግዳ የጠፋባቸው ዓመታት መጥተው ሄደዋል፤ እኔም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቆሎ የምቆረጥም ሴት ሆኛለሁ፣ ግን ያው ቆሎው እስኪያልቅ ነው። ጋሽ ደሳለው ጡረታ ወጥቶ አሁንም ባገኘኝ ቁጥር «የዛሬዋ ቃል ማን ናት?» ይለኛል።

ለትርንጎ ከመለስኩላት በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ተነስቼ ሣጥኔን ከፈትኩ። የእኔ ግማሽ፣ ከኤ እስከ ኤል፣ አንዲት ቅጠል ሳትጎድልበት አለ። ገለጥኩት። ከአንድ ገጽ ላይ ሦስት ቃል አላስታውስም፤ ከሚቀጥለው አምስት። የትርንጎ ግማሽ ደግሞ አንድ ቅጠል አልቀረውም፤ ቀረፋና ኮረሪማ ሆኖ በላስታ ወጥ ቤቶች ሁሉ አልቋል። እሷን ግን ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋት ከኤም እስከ ዜድ ታወርድላችኋለች። እኔ ወረቀቱ አለኝ ብዬ ነበር የተኛሁት።

የመጀመሪያዋን ገጽ ይዤ ከደጃፌ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምሬያለሁ። የጎረቤት ልጆች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ቅዳሜ ትርንጎ ለገበያ ስትመጣ ፊቷ ቆሜ ገጿን አወርዳለሁ፤ ዜማው ካልተሰበረብኝ ቀድጄ እሰጣታለሁ። ጥቁር አዝሙድ ትጠቅልልባት።